የሻላ ፔሊካኖችና ሌስሊ ብራውን

ከአዳማ ተነስቶ ላንጋኖ ዋኝቶ ማታ እቤቱ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። መኪና ያለው በመኪናው፣ የሌለው ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ ሚኒባስ ይዞ ይወርዳል። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን (የዛሬዋን ባቱ)፣ ቡልቡላን አልፎ በስተግራ ይታጠፍና አሸዋው ላይ ጫማውን ያወልቃል። ከአስፋልቱ በስተቀኝ ያለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በስተቀኝ ያሉት አብያታና ሻላ ናቸው። አይዋኝባቸውም፤ ዓሣ የሚጠበስበት ቤትም የላቸውም። ስለዚህ መኪናው ሁሉ ወደ ግራ ይዞራል።

እኔን ወደ ቀኝ ያዞረኝ አንድ ሰው ነው። አግኝቼው አላውቅም፤ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው የሞተው። ሌስሊ ሂልተን ብራውን ይባላል። ስለ አፍሪካ ንስሮች፣ ስለ ፍላሚንጎና ስለ ፔሊካን የሚጽፍ ሰው የእሱን ስም ሳይጠራ አያልፍም። እኛ ዘንድ ግን ከሥነ ሕይወት ባለሙያዎችና ከአስጎብኚዎች በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። አገራችን ለዚህ ሰው ሥራ የሰጠችውን ያህል እሱም ለአገራችን ትቶላት የሄደው አለ፤ ታሪኩ ለኛ ለላንጋኖ ተመላላሾች እንግዳ ሊሆን አይገባም ብዬ ነው ይህን መጻፌ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብራውን ብሪታንያዊ ይሁን እንጂ የተወለደው በ1917 በደቡብ ህንድ፣ ኩኑር በምትባል ደጋማ ከተማ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ተከታተለ። ከዚያ በቅኝ ግዛቱ የግብርና አገልግሎት ተቀጠረና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ናይጄሪያ፣ በ1946 ደግሞ ኬንያ ገባ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሰውዬው በወፍ ጥናት ደመወዝ ተከፍሎት አያውቅም። እንጀራው ግብርና ነበር። አፈርን፣ ሰብልን፣ ግጦሽን ሲያጠና ውሎ፣ በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት እስከ ምክትል ዳይሬክተርነት ደርሷል። ወፎቹን የሚያያቸው በመስክ ሥራው መሀልና በዕረፍቱ ቀን ነው። እንደኔ እንደኔ ይህ ጎድቶት ሳይሆን ጠቅሞት ነው። የመሬትን ነገር ያወቀ ሰው ወፏን ከሚበላው ዓሣ፣ ዓሣውን ከውሃው፣ ውሃውን ከወንዙ ነጥሎ አያይም።

ኬንያ እንደገባ ኤምቡ በሚባለው ወረዳ አንድ ኮረብታ አገኘ። በዚያ አንድ ኮረብታ ላይ በርካታ ዓይነት ንስሮች ጎጆ ሠርተዋል። ብራውን እነዚያን ጎጆዎች ዓመት ከዓመት፣ ከአሥር ዓመት በላይ እየተመላለሰ ጠበቃቸው። የትኛው ጥንድ ስንት እንቁላል ጣለ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ የትኛው ጫጩት ወንድሙን ገድሎ በላ፣ ስንቱ በረረ፤ ሁሉን በደብተር ያሰፍራል። ከዚያ በፊት ስለ አፍሪካ ንስሮች ይታወቅ የነበረው አብዛኛው ነገር ተገድለው በመሳቢያ ከተደረደሩ ወፎች የተገኘ ነበር። ብራውን በሕይወት ያለችውን ንስር ቁጭ ብሎ ማየትን መረጠ።

ዝናውን ያወጣው ግን ሊገድለው የደረሰ አንድ ቀን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ትናንሾቹ ፍላሚንጎዎች በመቶ ሺዎች ይታያሉ፤ የት እንደሚፈለፈሉ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ብራውን በ1954 በትንሽ አውሮፕላን ሲያስስ ከኬንያ ድንበር ማዶ ባለው በናትሮን ሐይቅ መሀል ጎጆዎቻቸውን አገኘ። ከአየር ማየቱ አልበቃውም። በእግሩ ሊደርስ ብቻውን ወደ ጭቃው ገባ። የናትሮን ጭቃ ተራ ጭቃ አይደለም። ላይ ላዩ የደረቀ የሶዳ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ ሲሰበር እግር ወደሚያቃጥል ዝቃጭ ይሰምጣል። ወደ ጎጆዎቹ ሳይደርስ ኃይሉ አለቀ። የሚጠጣው ውሃ በሶዳ ተበከለ፤ ጫማው ውስጥ የገባው ሶዳ ቆዳውን ላጠው። እየወደቀ እየተነሳ ተመልሶ መኪናው ጋ ሲደርስ እግሮቹ ጠቁረው ነበር። ናይሮቢ ሆስፒታል ለሳምንታት ተኛ፤ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ እየተወሰደ እግሩ ላይ ተለጠፈ። ሲድን ምን አደረገ? ወደ ፍላሚንጎዎቹ ተመለሰ። በ1959 የፍላሚንጎዎቹን ምስጢር የተረከበት መጽሐፍ ታተመ፤ ስሙም ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ተሰማ።

ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ብራውን ጡረታ ወጣ። ገና አርባ ስድስት ዓመት ገደማው ነበር። ወደ ብሪታንያ ከመመለስ ኬንያ መቅረትን መረጠ፤ ዓይኑ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደኛ ዞረ። ጊዜው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ወሳኝ ነበር። በዚያው በ1963 መንግሥት ባቀረበው ጥያቄ በጁሊያን ሀክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲከለሉ መክሯል። በ1966 ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። ብራውን የመጀመሪያ ሐሳቡ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ደጋ አጋዘን ነበር። ይህ እንስሳ በሳይንስ ከታወቀ ያኔ ስልሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ስንት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ብራውን በበቅሎና በእግር ባሌን ወጣ ወረደ፤ ደጋ አጋዘኑ ይፈራ ከነበረው በላይ በቁጥር እንዳለ፣ ነገር ግን መኖሪያው ካልተጠበቀ እንደማይዘልቅ ጻፈ። የጉዞ መጽሐፉ በ1965 ወጣ። ባሌ ላይ በ1970 ፓርክ ተቋቋመ፤ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ወደ ሻላ እንመለስ። በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኤሚል ኧርባን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር። ሁለቱ ተገናኙ፤ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ነጭ ፔሊካኖች ጎጆ ይሠሩ ነበርና እነሱን ለማጥናት ተስማሙ። ውጤቱ በ1969 የወፍ ጥናት ዓለም ታላቅ መጽሔት በሆነው “አይቢስ” ላይ ወጣ። እኔ ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አርባ ገጽ የሚጠጋ ደረቅ የሳይንስ ጽሑፍ ነው፤ ግን አንዴ ከጀመርኩት አላስቀመጥኩትም። ምክንያቱም ጥያቄው ቀላልና የሚገርም ነው። ፔሊካን ዓሣ በል ነው። ሻላ ውስጥ ደግሞ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለም። ታዲያ ይህን ያህል ፔሊካን ዓሣ የሌለበት ሐይቅ ላይ ልጆቹን የሚያሳድገው ለምንድን ነው?

ባለፈው ጥር ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ሦስት ሆነን በአንዲት ቪትዝ ከአዳማ ወጣን። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ወፍ ማየት ለፈለገ መተኛት የለም። ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገዱን ይዞ መብረር ይቻላል። እኛ ግን አሮጌውን መንገድ መረጥን፤ ቆቃ ላይ አዋሽን ተሻግሮ የግድቡን ውሃ እያዩ መሄድ ደስ ይላል።

ዝዋይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የዝዋይ ጀልባ ማቆሚያ ወፍ አይቶ ለማያውቅ ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እያራገፉ አንጀቱን ሲጥሉ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ከበው ይጠብቃሉ። ፔሊካኖቹ ከሰው እግር ስር ናቸው። ባይኖኩላር አያስፈልግም። ፔሊካን ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር ይደርሳል፤ ጎልማሳው እስከ አሥር ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህን የሚያህል ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ እንደማይችል ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያሻም፤ ከውሃው ሲነሳ ማየት ይበቃል።

የብራውንና የኧርባን መልስ የሚጀምረው ከዚሁ ክብደት ነው። ሻላ በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ ወደ ውስጥ ሰምጦ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። መሀሉ ላይ ያሉት ደሴቶች ጅብም ቀበሮም የማይደርስባቸው ናቸው። ዓሣ ስለሌለ ዓሣ አጥማጅም አይመጣም። ለእንቁላልና ለጫጩት ከዚህ የተሻለ ሰላም የለም። አብያታ ደግሞ ከጎኑ፣ ከአንድ ከፍታ ማዶ ነው። እሱ እንደ ሰሃን የተዘረጋ ጥልቀት የለሽ ሐይቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቆሮሶ ሞልቶበታል። ፔሊካኖች ተሰልፈው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ዓሣውን እየከበቡ ወደ ዳር ገፍተው ለመያዝ የሚመቻቸው እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ነው። እንግዲህ ሻላ መኝታ ቤት፣ አብያታ ጓዳ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ደግሞ ደረጃው ነው። ፔሊካኖቹ በማለዳ ከደሴቱ አይነሱም። መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ሞቃቱ አየር ከመሬት መነሳት ሲጀምር ክንፋቸውን ዘርግተው ይሳፈሩበታል፤ እየዞሩ እየዞሩ ይወጣሉ፤ በቂ ከፍታ ሲያገኙ ወደ አብያታ ይንሸራተታሉ። ክንፍ ማርገብገብ የለ፣ ድካም የለ። ጠግበው በዚያው መንገድ ይመለሳሉ።

ዓሣውን የሚያመጡት ደግሞ የልጆች መጽሐፍ እንደሚስለው በምንቃራቸው ከረጢት ሳይሆን በሆዳቸው ነው። ከረጢቱ መያዣ መረብ እንጂ ዘንቢል አይደለም። ጫጩቱ ራሱን እናቱ ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ይበላል። አንድ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ዓሣ ይፈልጋል። ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ነው። ጫጩቶቹ ጥቂት ሳምንት ሲሞላቸው ከጎጆ ወጥተው እንደ መዋዕለ ሕፃናት በመንጋ ይሰበሰባሉ፤ ወላጅ ከዚያ ሁሉ መሀል የራሱን ልጅ ለይቶ ያበላል። ይህን ሁሉ ብራውንና ኧርባን የጻፉት ፀሐይ በሚያነደው ደሴት ላይ፣ የወፍ ኩስና የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ውስጥ ተቀምጠው እየቆጠሩ ነው። የናትሮኑን ቀን ያስታወሰ አንባቢ በዚህ አይደነቅም።

እኛ አብያታ ስንደርስ ረፋዱ ላይ ነበር። በፓርኩ በር ገብተን፣ ሰጎኖቹን አይተን፣ ጠመንጃ ካነገተ ጥበቃ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ሐይቁ ግን አይደረስም። መኪናዋን ትተን ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ከእግር በታች የሚሰበር መሬት ላይ ብዙ ተጓዝን። ይህ ሁሉ የሐይቅ ወለል የነበረ ነው። ከፊታችን፣ ሰማዩ ከውሃው በሚገናኝበት፣ ሐምራዊ መስመር ታየ፤ ፍላሚንጎዎች ናቸው። ባይኖኩላሩን ሳነሳ መስመሩ ወደ ሺህ አንገቶች ተበተነ። የሚያምር ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ፔሊካን ፈለግን። አንድም አልነበረም። ጥበቃው አባቱ ከዚህ ሐይቅ ዓሣ ያመጣ እንደነበር አጫወተን፤ እሱ ራሱ ግን በሥራ ዘመኑ አይቶ አያውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። አብያታ ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከዝዋይ በሚወርደው ቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሚመጣው ሆራቀሎና ከዝናብ ነው፤ መውጫ የለውም። በ1980ዎቹ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ዳርቻው ላይ ተተከለ። ከላይ ደግሞ ዝዋይንና ወደ ዝዋይ የሚገቡትን መቂና ቀታር ወንዞች የሚስብ መስኖ ዓመት ከዓመት ሰፋ፤ ቡልቡላ ቀጠነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው አብያታ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ውሃ ሲያንስ ጨዉ ይበዛል። ቆሮሶው አለቀ። ፍላሚንጎ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌና ነፍሳት ስለሚበላ ቀረ፤ ፔሊካን ግን ጓዳው ባዶ ሆነበት። አሁን ለዓሣ የሚሄደው ወደ ዝዋይና ወደ ሌሎች ሐይቆች ነው። ጠዋት ከጀልባ ማቆሚያው ስር ያየናቸው ፔሊካኖች የዓሣ አንጀት የሚለቅሙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ በሌላ ዓይን አየሁት። ልጅ ላለው ወፍ ከደሴቱ ዝዋይ ድረስ ሄዶ መመለስ ሌላ ነገር ነው፤ በሻላ የሚፈለፈሉት ቁጥር ክፉኛ መቀነሱም በተደጋጋሚ ተጽፏል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ፓርኩ የተከለለው ለማን እንደሆነ ሲታሰብ ነው። አብያታ ሻላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ሲከለል ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር፤ ዋና ዓላማውም እነዚህን የውሃ ወፎች መጠበቅ ነበር። የአጋዘን ፓርክ ብዙ አገር አለ፤ የፔሊካን ፓርክ ግን ብርቅ ነው። ሻላ እስከ ዛሬ ደህና ነው፣ ደሴቱም አለ፣ አየሩም ይሞቃል። የጎደለው ከአንድ ከፍታ ማዶ ያለው ዓሣ ነው። ብራውንና ኧርባን ሁለቱ ሐይቆች ለፔሊካኑ አንድ ቤት መሆናቸውን ባያሳዩን ኖሮ፣ ሻላን እያየን ምንም አልተነካም እንል ነበር።

በሁለቱ ሐይቆች መሀል ካለው ከፍታ ላይ ቆመን ደሴቶቹን አየናቸው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ከዚያ ርቦንም ነበርና ወደ ላንጋኖ ተሻገርን። ላንጋኖን ለማያውቅ ልንገር፤ ውሃው ቡናማ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ተንሳፎበት ነው። ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሰው ያለ ሥጋት የሚዋኝበት እሱ ነው። አሸዋው ላይ ሙዚቃ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ። ዋኝተን፣ ዓሣ ጥብስ በልተን፣ ግራር ስር ጋደም አልን። ከላያችን አንድ ዓሣ በል ንስር ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃውን ይመለከት ነበር። ከኛ ሌላ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም፤ ንስሩም የሙዚቃው ነገር አላሳሰበውም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን አዳማ የገባነው በጨለማ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ ጥድፊያ አለበት፤ ይቻላል ግን።

ብራውን ከሻላ በኋላም አላረፈም። ከአሜሪካዊው ዲን አማዶን ጋር ያዘጋጀው የዓለም ንስሮችና ጭልፊቶች ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1968 ወጣ፤ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ከኧርባን ጋር ደግሞ በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በዩኒቨርሲቲያችን ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ከ800 በላይ የሆኑትን የአገራችንን የወፍ ዝርያዎች የት የት እንደሚገኙ አንድ ላይ ያሰፈረች ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ የተነሱት ከእሷ ነው። በግብርና ባለሙያነቱም የምሥራቅ አፍሪካን ደረቅ መሬቶች ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሲመክርበት ኖረ። ጽሑፎቹን ያነበበ ሰው እንደሚረዳው ንግግሩ ያልተለሳለሰ፣ ስህተት የመሰለውን ሳያባብል የሚናገር ሰው ነበር። በቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው መሆኑም በአንዳንድ አገላለጾቹ ላይ ይታያል፤ ያን ማለፍ አይገባም። የቆጠራቸው ጎጆዎች ግን ያው ናቸው።

የመጨረሻው ሥራው ትልቁ ነበር፤ የአፍሪካን ወፎች ሁሉ በተከታታይ ቅጾች የሚይዝ መጽሐፍ። ከኧርባንና ከኬኔት ኒውማን ጋር የመጀመሪያውን ቅጽ እያዘጋጀ ሳለ፣ በነሐሴ 1980፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሞተ። ቅጹ በ1982 ታተመ። ከሰጎን ጀምሮ እስከ ጭልፊት ያሉትን ወፎች ይዟል፤ በኤምቡ ኮረብታ የጠበቃቸው ንስሮች፣ በናትሮን ሊሞትላቸው የነበሩት ፍላሚንጎዎች፣ የሻላ ደሴት ፔሊካኖችም በዚያው ቅጽ ውስጥ ናቸው። የቀሩትን ቅጾች ኧርባንና ሌሎች ባልደረቦች ቀጠሉ፤ የመጨረሻው የወጣው በ2013 ነው።